ሁለተኛዋ ጥያቄ



አዲስ ተማሪዎች ግቢ ከገቡ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የቴሌግራም ሊንክ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የዶርም ግሩፕ፣ የሴክሽን ግሩፕ፣ የጀመዓው ግሩፕ፣ የቁርኣን ሐለቃ ግሩፕ። ከእነዚህ ሁሉ መሃል ማንም ያላዘዘው፣ ማርክ የማይሰጥበት፣ ሰው ስለወደደው ብቻ የሚገባበት ግሩፕ አለ። የትርፍ ጊዜ ግሩፕ ማለታችን ነው። ፎቶ የሚያነሱ አላቸው፣ ቼዝ የሚጫወቱ አላቸው፣ አትክልት በጀሪካን የሚያበቅሉም አላቸው። እኛ የምንጽፈው ስለምናውቀው ነው፤ አርዱይኖና ሴንሰር፣ የተበላሸ ሬዲዮና የወላለቀ ቻርጀር እየነካኩ የሚያመሹ ተማሪዎች ስለተሰባሰቡበት የኤሌክትሮኒክስ ግሩፕ።

እንዲህ ያለ ግሩፕ አዲስ ሰው ሲገባ አበባ ያለበት ስቲከር መላክ አይቸግረውም። ‹እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ› የሚለውም ቦት ተሠርቶለት በራሱ ይላካል። ይህን አንጠላም፤ ሰላምታ ሰላምታ ነው። ግን አዲሱ ሰው በደንብ መስተናገዱ የሚታወቀው በዚህ አይደለም ባዮች ነን። የሚታወቀው ሁለተኛ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ይጠይቃል፤ ችግሩ ስለሚያስገድደው ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቀው ግን በመጀመሪያው ያልተጎዳ ሰው ብቻ ነው።

ምሳሌ እናንሳ። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከወር ወጪው ቆጥቦ አርዱይኖ ቦርድ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በርካሽ የሚገኘውን ቅጂ ነው። ዶርም ገብቶ፣ ከጓደኛው በተዋሰው የስልክ ቻርጀር ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኘዋል። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች፤ ኮምፒውተሩ ግን ቦርዱን አያየውም። ኮዱን ልጫን ቢል እምቢ ይለዋል። ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ ያበራል። በመጨረሻ ግሩፑ ላይ ገብቶ ‹ቦርዴ ተበላሽቷል፣ ምን ላድርግ?› ብሎ ይጽፋል።

ነገሩን የሚያውቅ ሰው ገና ሲያነበው ሁለት ነገር ይጠረጥራል። አንዱ ገመዱ ነው። ተራ የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ዳታ። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ገመዶች ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ዳታ የሚያልፍባቸው ሁለቱ ሽቦዎች ጭራሹኑ የሏቸውም። ስለዚህ መብራቷ ትበራለች፣ ወሬ ግን አያልፍም። ሌላው ድራይቨር ነው። ብዙዎቹ ቅጂ ቦርዶች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ሲኤች 340 በሚባል ቺፕ በኩል ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ላይ የዚህ ቺፕ ድራይቨር ከሌለ ቦርዱ አይታወቅም። ሁለቱም በጥቂት ደቂቃ የሚፈቱ ናቸው። ቦርዱ ምንም አልሆነም፤ ልጁ ግን ሊጥለው ነው።

አሁን መልሱን እንይ። በአንዳንድ ግሩፖች የሚመጣው የመጀመሪያው ነገር የሳቅ ኢሞጂ ነው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ቀጥሎ ‹ጎግል አድርግ ብሮ› ይመጣል። ከዚያ አንዱ ‹ኢንጂነር ነኝ እንዳትል ብቻ› ይላል፤ ለዚህም ሌላ ሳቅ ይከተላል። ‹ጎግል አድርግ› የሚለው ምክር ከላይ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ግን ልጁ ምን ብሎ ይፈልግ? ‹ቦርዴ ተበላሽቷል› ብሎ? ‹ፖርት› የሚለውን ቃል አልሰማም፣ ‹ድራይቨር› ሲባል ሹፌር ነው የሚታየው። ገመድ ዓይነት እንዳለው የነገረው ሰው የለም። በትክክለኛ ቃል መጠየቅ የሚችል ሰው እኮ መልሱን ግማሽ አግኝቶታል፤ ጀማሪ ጀማሪ የሆነው ያ ቃል ስለሌለው ነው።

ከዚህ በኋላ ልጁ መልእክቱን ያጠፋዋል። ከግሩፑ አይወጣም፤ ድምፁን ዘግቶ ይቀመጣል። የአባላቱ ቁጥር ስለማይቀንስ አድሚኖቹ የጠፋ ሰው መኖሩን አያውቁም። እንዲያውም ‹600 ደረስን› ተብሎ ይለጠፋል። ከ600ው ስንቱ አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም ያለ እንደሆነ የቆጠረ የለም።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ስለሆነ ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ይህ የሚሆነው መቼ እንደሆነ አስቡ። ልጁ ገና ፍሬሽማን ነው፤ ዲፓርትመንት አልመረጠም። የመጣው ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ከሚከርምበት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ፊዚክስን የተማረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ባትሪና አምፖል ነው። እውነተኛ ሬዚስተር በእጁ የያዘው ገና በዚህ ወር ነው። ‹ይህ ነገር ለእኔ ነው ወይስ አይደለም?› የሚለውን በልቡ እያመላለሰ ባለበት ሰዓት ሰባት የሳቅ ኢሞጂ ይደርሰዋል። የዲፓርትመንት መምረጫ ፎርሙን ሲሞላ ያ ሳቅ አብሮት እንደሚቀመጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ደስ የሚለው፣ ሌላ ዓይነት መልስም በዓይናችን አይተናል። በምንወደው ግሩፕ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ላለው ጥያቄ ሲመልስ ‹ፖርት› አላለም፣ ‹ድራይቨር›ም አላለም። የጠየቀው ይህን ብቻ ነው፦ በዚያ ገመድ ከስልክህ ወደ ላፕቶፕ ፎቶ ገልብጠህ ታውቃለህ? ጀማሪው የሚያውቀውን ነገር ይዞ ወደማያውቀው ወሰደው። ልጁ ሞከረ፣ ፎቶው አልተገለበጠም፣ ገመዱን ቀየረ፣ ቦርዱ ታየ። ከዚያ ነው ‹ለምንድን ነው ታዲያ መብራቷ የበራችው?› ብሎ የጠየቀው። ሁለተኛዋ ጥያቄ የምንለው ይህችን ነው። የመጀመሪያዋ ከችግር የመጣች ነበረች፤ ይህችኛዋ ማወቅ ከመፈለግ የመጣች ናት። ግሩፑ የተከፈተውም ለዚህች ነው።

ሲኒየሮቹ የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ቀላል አይደለም። አንድ ጥያቄ በየሴሚስተሩ ሠላሳ ጊዜ ይመጣል። መልስ የሚሰጡት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ፕሮጀክት አለባቸው፣ ፈተና አለባቸው፣ ፓኬጅ የሚገዙት በራሳቸው ካርድ ነው። በዚያ ላይ ‹ለጀማሪ ከተለሳለስን ደረጃችን ይወርዳል› የሚል ስጋት አለ። የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ራሱ መሞከር አለበት የሚለው ትክክል ነው፤ ፎቶ ሳያያይዝ፣ ኮዱን ሳያሳይ ‹አይሠራም› ብሎ የሚጽፍ ሰው መልስ ሰጪውን ያደክማል። ይህን አንክድም።

ግን ጥራት መጠበቅና ሰው ማዋረድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በዓለም ላይ ካሉት የሶፍትዌር ሥራዎች በጥራቱ ጥብቅ የሆነውን ብንጠራ ሊነክስን እናገኛለን። የጀመረው የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1991፣ በ21 ዓመቱ፣ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብሎ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ለማያውቃቸው ሰዎች ጽፎ አስተያየት ጠየቀ። እርሱም አንድ ቀን አዲስ ሰው ነበር፤ የሚያናግሩት ሰዎች አገኘ። ከዓመታት በኋላ ይኸው ሰው ኮድ ለላኩለት ሰዎች በሚጽፋቸው ስድብ በተቀላቀለባቸው መልሶች የታወቀ ሆነ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ፤ በጥቅምት ተመለሰ። ሊነክስ ከዚያ ወዲህ ደረጃው አልወረደም። የተበላሸ ኮድ ዛሬም አይቀበልም፤ ለመመለስ ግን ሰውየውን መስደብ አያስፈልግም።

ዊኪፔዲያም ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ንቁ ጸሐፊዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ መውረድ ጀመረ። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በቅን ልብ የመጡ አዲስ ጸሐፊዎች ሥራቸው ወዲያው እየተሰረዘባቸው፣ ብዙ ጊዜም በሰው ሳይሆን በራሱ በሚሠራ መሣሪያ እየተሰረዘባቸው መሄዳቸው ነው። አጥፊዎችን ለመከላከል የተሠራው አጥር እንግዳውንም አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ሰዎች ያለ ፍርሃት የሚጠይቁበት ቦታ ከፈቱ፤ ስሙን ‹ሻይ ቤት› አሉት። ስሙ ራሱ ደስ ይላል። ለጀማሪ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ሻይ ቤት ነው የሚያስፈልገው።

ደግሞ አርዱይኖን ይዞ ጀማሪን መናቅ ትንሽ ያስቃል። ቦርዱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ፣ የዲዛይን ተማሪዎች ባሉበት ተቋም ውስጥ ነው። የታሰበው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ ሰዎች ነበር። ለጀማሪ የተሠራን ዕቃ የአዋቂ መኩሪያ ማድረግ ምን ይሉታል?

ስለ ድካሙ ግን መፍትሔ አለ። ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አንድ ጊዜ በደንብ ተጽፎ፣ በፎቶ ተደግፎ ፒን ይደረግ። ልዩነቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ‹ፒን የተደረገውን አንብብ› ማለት በር መዝጋት ነው፤ ጀማሪው ከአሥራ አምስት ፒን የትኛው የእርሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ‹ከላይ ያለው ሦስተኛው ፒን፣ ሁለተኛው ፎቶ ያንተን ይመስላል፤ አይተኸው ንገረን› ማለት ግን እጁን ይዞ መውሰድ ነው። ሁለቱን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ልዩነቱ አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን አሠራር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። አዲስ ልጅ ሲመጣ ኡስታዙ አሊፍ ባ ታን ራሳቸው ተቀምጠው አያስቆጥሩትም፤ ከፊቱ ጥቂት ወር ቀድሞ ከጀመረ ልጅ ጎን ያስቀምጡታል። ያ ልጅ ለውሑን እንዴት እንደሚይዝ፣ ቀለሙ ሲፈስ ምን እንደሚደረግ፣ ኡስታዙ ሲቆጡ የት መመልከት እንዳለበት ሳይቀር ያሳየዋል። አዋቂው ስለረሳው፣ ትናንት የተማረው ግን ስላልረሳው የሚሆን ነገር ነው። የሬዲዮ አማተሮችም ከእኛ መድረሳ ሳይሰሙ እዚያው ደርሰዋል፤ አዲስ ሰውን ይዞ ፈቃድ እስኪያወጣና አንቴናውን እስኪተክል የሚያግዘውን ነባር ‹ኤልመር› ብለው ይጠሩታል። በእኛም ግሩፕ ለፍሬሽማን የተሻለው መልስ ሰጪ የአምስተኛ ዓመቱ ተማሪ ላይሆን ይችላል። የሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የገመዱ ነገር ገና ያቃጥለዋል።

አሁን በግልጽ ሊነገር የሚገባው ጉዳይ አለ፤ የእህቶች ነገር። አንድ ወንድም ሲጠይቅ የሚፈራው መሳቂያ መሆንን ነው። አንዲት እህት ስትጠይቅ ግን ሌላም ነገር አለባት። ጥያቄዋን በጻፈች በደቂቃ ውስጥ ግሩፑ ላይ አንድም መልስ ሳይኖር ኢንቦክሷ ይሞላል። ‹ሰላም እህቴ፣ ልርዳሽ?›፣ ‹የት ዶርም ነሽ?›፣ ‹ቦርዱን ይዘሽ ብትመጪ ላይብረሪ እንገናኝ›። ከእነዚህ ውስጥ በቅንነት የጻፈ አይጠፋም። ለእርሷ ግን ቅኑንና ሌላውን የምትለይበት መንገድ የላትም። የማታውቃቸው ስድስት ወንዶች ስለ አንድ ሬዚስተር ለብቻቸው ሲያናግሯት፣ የሚቀላት ዳግመኛ አለመጠየቅ ነው። ይህ ከመሳቅ የማይሻል አቀባበል ነው፤ ምናልባትም የባሰ፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ደግነት ይመስላል።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ግሩፕ ላይ የተጠየቀ ጥያቄ ግሩፕ ላይ ይመለስ። ይህ ለአደብም ይበጃል፣ ለኢንጂነሪንግም ይበጃል። በአደባባይ የተሰጠ መልስ ስህተት ካለው ሌላው ያርመዋል፤ ነገ ያንኑ ችግር የሚገጥመው ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ኢንቦክስ ውስጥ የተሰጠ ጥሩ መልስ ግን እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ለማወያየት የሚያስፈልግ ነገር ካለ ከእህቶች መካከል ሰርክት የሚያውቁ አሉ፤ አንዷን አድሚን ማድረግ ማንንም አያከስርም።

ቋንቋም አለ። ከመካከላችን አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ስልጢኛ እየተናገረ ያደገ ብዙ ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል አሳጥሮ የሚጽፍ አለ፤ ወንዱን ‹አንቺ› ብሎ የሚጠራም አይጠፋም። ጥያቄው ስለ ሴንሰር ሆኖ ሳለ መልሱ ስለ ሰዋስው ከሆነ፣ ልጁ የተማረው ነገር ቢኖር ዝም ማለትን ነው። የጻፈው ካልገባን ‹በቮይስ ብትልከው› ማለት ይቻላል፤ በራሱ ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ግሩፑ ውስጥ አይጠፋም።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን ለጀመዓው ልጆች። እንዲህ ያሉ ግሩፖችን የጀመሩት ብዙ ጊዜ ከሶላት በኋላ አብረው የሚወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ስለዚህ ቀልዱም፣ ቅጽል ስሙም፣ ‹ያን ቀን የሆነው›ም የእነርሱ ነው። የክፍላችን ክርስቲያን ተማሪ ሴንሰር ሊጠይቅ ገብቶ ግማሹ ወሬ የማይገባው ከሆነ፣ ማንም ሳይገፋው እንደተገፋ ይሰማዋል። ለኤሌክትሮኒክስ የተከፈተ ቤት ለኤሌክትሮኒክስ የመጣውን ሁሉ ማስቀመጥ አለበት። የደርስ ማስታወቂያና የጓደኛሞች ቀልድ የራሳቸው ግሩፕ አላቸው፤ እዚያ ይሂዱ። ከእኛ ውጭ በሆነ ቦታ አዲስ ሆኖ መግባት እንዴት እንደሆነ እኛ ለማንም ጠፍቶብን አያውቅም።

ከመልስ ቀጥሎ አዲሱን ሰው የሚያስቀምጠው ሥራ ነው። እስኪችል ድረስ ተመልካች ብቻ ከሆነ ይሰለቻል። አንዱ አዲስ ልጅ መርካቶ ሲሄድ የሬዚስተር፣ የኤልኢዲና የብሬድቦርድ ዋጋ ጠይቆ እንዲለጥፍ ተደርጎ ነበር፤ ለዚህ ምንም እውቀት አያስፈልግም፣ ለሁላችንም ግን ጠቀመን። ሌላው ፎቶ ማንሳት ስለሚችል የፒን ሥዕሎቹን እርሱ አነሳቸው። የብሬድቦርዱን ፎቶ ሲያነሳ ነው በጎን ያለው የኃይል መስመር በአንዳንዱ ቦርድ ላይ መሃል ላይ እንደሚቋረጥ ያስተዋለው፤ ስንቱ ሰው ሌሊቱን የገደለበት ነገር ነው! ያንን ራሱ ጽፎ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ እርሱን ‹አዲሱ ልጅ› ያለው የለም።

ለዚህ ሴሚስተር የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ይመደብ፤ አንድ ከሁለተኛ ዓመት፣ አንድ ከከፍተኛ ዓመት፤ በተቻለ መጠን አንዷ እህት ትሁን። ሥራቸው ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ፣ ሶላቱን ሳይነካ፣ መልስ ያላገኘ የጀማሪ ጥያቄ መኖሩን ማየት ብቻ ነው። መልሱን ባያውቁት እንኳ ‹አይተነዋል፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን› ይበሉ። በጀማሪ ጥያቄ ላይ የተለጠፈ የሳቅ ኢሞጂ ይነሳ፤ የለጠፈው ሰው ለብቻው ይነገረው እንጂ በአደባባይ አይገሠጽ። ዳታ የሚያስተላልፍ ትርፍ ገመድ ያለውም ለተረኞቹ ያስረክብ፤ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ። የፈተና ሰሞን ተረኛ ማን እንደሚሆን ግን ገና አልተስማማንም፤ ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለአድሚኖቹ ያስመዝግብ።